የብሉይ ኪዳን መግቢያ ትምህርት፦ የሰሜን ሸዋ አንባቢዎች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም ዓምዱን የያዝነው በአንድ ጉዳይ ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከተጉለትና ከደብረ ሲና የደረሱን ደብዳቤዎች በነገረ መለኮት ኮሌጆች የመጀመሪያ ዓመት ላይ ስለሚሰጠው የብሉይ ኪዳን መግቢያ ትምህርት የሚጠይቁ ስለሆኑ አንድ ላይ ማስተናገዱ የተሻለ መስሎናል። ጠያቂዎቹ ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶም ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ናቸው። ልዩነት ባለበት ቦታ ልዩነቱን ሳልሸፍን አመለክታለሁ። ደብዳቤዎቹ አጥረው ቀርበዋል፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ቀን ሱቅ እየሠራሁ ማታ የምማር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን ከዘፍጥረት እስከ ነገሥት ያለውን በአንድ ሴሚስተር አንብባችሁ ጨርሱ ብለውናል። የነገሥታቱ ስም፣ የነቢያቱ ተራና የዘመኑ ቁጥር ተደባልቆብኛል። ከየት ልጀምር? የመምህሩን ማስታወሻ ብቻ ባጠና አይበቃኝም?

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምርና፣ አይበቃዎትም። ማስታወሻ የሚጠቅመው መጽሐፉን ላነበበ ሰው ነው፤ ላላነበበ ግን የስም ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። እንደታዘብሁት በዚህ ትምህርት የሚቸገሩ ተማሪዎች አብዛኞቹ የሚቸገሩት ጥልቅ ሐሳብ ስለገጠማቸው ሳይሆን ስለ መጽሐፉ የተጻፈውን እያጠኑ መጽሐፉን ራሱን ሳይከፍቱ ስለሚቀሩ ነው። ስለዚህ ጊዜዎ ጠባብ ከሆነ ከማስታወሻው ይቀንሱ እንጂ ከንባቡ አይቀንሱ።

ሲያነቡ በመጀመሪያ ማወቅ ያለብዎ መጻሕፍቱ በየወገኑ በተለያየ ተራ የተደረደሩ መሆናቸውን ነው። አይሁድ ሕግ፣ ነቢያትና ጽሑፎች ብለው በሦስት ከፍለው 24 መጻሕፍት ይቆጥራሉ፤ 5ቱ የሕግ፣ 8ቱ የነቢያት፣ 11ዱ የጽሑፎች ናቸው። ይኸው ይዘት በፕሮቴስታንቱ መጽሐፍ ቅዱስ 39 የሚሆነው ሳሙኤል፣ ነገሥትና ዜና መዋዕል እያንዳንዳቸው ለሁለት ስለተከፈሉ፣ ዕዝራና ነህምያ ስለተለያዩ፣ እንደ አንድ መጽሐፍ ይታዩ የነበሩት 12ቱ ደቂቀ ነቢያትም በየስማቸው ስለተቆጠሩ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሄኖክን፣ ኩፋሌን፣ መቃብያንን፣ ጦቢትን፣ ዮዲትን፣ ሲራክንና ሌሎችንም ይዛ የብሉይን መጻሕፍት 46 ትላለች፤ ከ35ቱ የሐዲስ መጻሕፍት ጋር 81 ይሆናሉ። በግዕዙ ልማድ ሁለቱ የሳሙኤል መጻሕፍት ቀዳማዊና ካልዕ ነገሥት ስለሚባሉ፣ አንድ ሰው «ሦስተኛ ነገሥት» ሲል ቢሰሙ ሌላው «አንደኛ ነገሥት» የሚለውን መጽሐፍ ማለቱ ነውና አይደናገሩ።

በዕብራውያኑ ተራ ኢያሱ፣ መሳፍንት፣ ሳሙኤልና ነገሥት የሚመደቡት ከነቢያት ጋር ነው። ይህን ያስተዋለ ተማሪ ንባቡ ይለወጥለታል፤ ምክንያቱም እነዚህ መጻሕፍት የሆነውን ሁሉ ለመመዝገብ የተጻፉ ሳይሆኑ ሕዝቡ ከአምላኩ ጋር በገባው ቃል ኪዳን ሚዛን የሆነውን የሚመዝኑ ናቸው። ዖምሪ የተባለው የእስራኤል ንጉሥ፣ አሦራውያን ከእርሱ ዘመን በኋላም አገሩን «የዖምሪ ቤት» እያሉ እስኪጠሩት ድረስ ስመ ጥር ነበር፤ መጽሐፈ ነገሥት ግን የሰማርያን ተራራ በብር መግዛቱንና ክፉ መሥራቱን ጠቅሶ በጥቂት ቁጥሮች ያልፈዋል (1ኛ ነገ. 16፥23-28)። በሌላ በኩል በሰራፕታ ያለች አንዲት መበለትና የዱቄት ማድጋዋ ሰፊ ቦታ ያገኛሉ። ለጸሐፊው ትልቅ የሆነው ምን እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ስለ ዘመኑ ቁጥር ጥቂት ዓመታት ብቻ በቃልዎ ይያዙ። ዳዊት የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1000 ዓመት ገደማ ነው፤ መንግሥቱ በሰሜን እስራኤል፣ በደቡብ ይሁዳ ተብሎ ለሁለት የተከፈለው በ930 ገደማ፣ የሰሜኑ ዋና ከተማ ሰማርያ በአሦር እጅ የወደቀችው በ722፣ ኢየሩሳሌም በባቢሎን እጅ የፈረሰችው በ586፣ ቂሮስ ምርኮኞቹ እንዲመለሱ የፈቀደው በ538፣ ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ተሠርቶ ያለቀው በ515 ነው። በአንዳንድ መጽሐፍ የ1 ዓመት ልዩነት ቢያዩ አይገረሙ። የሸዋ ሽማግሌዎች «በሣህለ ሥላሴ ጊዜ»፣ «በምኒልክ ጊዜ» እያሉ ነገሩን ሁሉ በንጉሥ ዘመን እንደሚያስሩት መጽሐፈ ነገሥትም የይሁዳውን ንጉሥ በእስራኤሉ፣ የእስራኤሉን በይሁዳው ዘመን እያሰረ ይሄዳል፤ ነቢያቱም በዚያው ገመድ ላይ ይታሰራሉ። አሞጽና ሆሴዕ በሰሜኑ መንግሥት ከ722 በፊት፣ ኢሳይያስና ሚክያስ በዚያው ምዕት ዓመት በይሁዳ፣ ኤርምያስ በኢየሩሳሌም ውድቀት ዋዜማ፣ ሕዝቅኤል ከምርኮኞቹ ጋር በባቢሎን፣ ሐጌና ዘካርያስ ከ520 ጀምሮ ቤተ መቅደሱ ሲታደስ የተናገሩ ናቸው። ይህን ካወቁ በኋላ አሞጽን ከ2ኛ ነገሥት 14 ጋር፣ ኤርምያስን ከ2ኛ ነገሥት 22 እስከ 25 ጋር እያጣመሩ ያንብቡ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም ብለው እንዲቆዩ እመክራለሁ፤ እርሱም የ701 ዓመቱ ከበባ ነው። የአሦሩ ንጉሥ ሰናክሬም በሕዝቅያስ ላይ የዘመተበት ታሪክ በ2ኛ ነገሥት 18 እና 19፣ እንደገናም በኢሳይያስ 36 እና 37 ይገኛል። ሰናክሬምም በሸክላ ላይ ባስጻፈው ዜና መዋዕል 46 የተመሸጉ ከተሞችን እንደያዘ፣ ሕዝቅያስንም በኢየሩሳሌም ውስጥ እንደ ወፍ በቀፎ እንደዘጋበት ይፎክራል። ከተማይቱን ያዝሁ ግን አይልም። ግብር መቀበሉን ሁለቱም ወገኖች ይናገራሉ፤ ከተማይቱ ለምን እንደተረፈች የሚናገረው ግን መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው። የታሪክ ማስረጃ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ፣ እምነትም ከየት ላይ እንደሚጀምር ለመማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ጥያቄ፦ በአንኮበር የምኖር መነኩሲት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዳዊት ደግሜአለሁ። ኮሌጅ የገባው የወንድሜ ልጅ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን መዝሙር 23 ነው ይላል፤ እኔ የማውቀው 22 ብዬ ነው። ማን ተሳሳተ?

መልስ፦ እማሆይ፣ ማንም አልተሳሳተም። የግዕዙ ዳዊት የሚከተለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕት ዓመት በእስክንድርያ መተርጎም የጀመረውን የሰብዓ ሊቃናትን የግሪክ ትርጉም ነው። በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ ሆነው የተለያዩት መዝሙራት በግሪኩ አንድ ናቸው፤ በሁለቱ ውስጥ ስንኞቹ የሚጀምሩባቸው የዕብራይስጥ ፊደላት ተራ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚቀጥል በዚህ ነገር ግሪኩ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በኋላ የእርስዎ ቁጥር በ1 እያነሰ ይሄዳል፤ ለዚህም ነው ንስሐ የምንደግምበት መዝሙር ለእርስዎ 50ኛ፣ ለልጁ 51ኛ የሚሆነው። በ114 እና በ116 አካባቢ ትንሽ መቀላቀል አለ፤ የዕብራይስጡ 147ኛ በግሪኩ ለሁለት ስለተከፈለ ግን ከ148 እስከ 150 ያሉት እንደገና እኩል ይሆናሉ። በዳዊትዎ መጨረሻ ያለው 151ኛው መዝሙር በዕብራውያኑ ቁጥር አይገባም፤ ሆኖም በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በቁምራን ዋሻ በተገኘ የዕብራይስጥ ጥቅልል ላይ በሌላ መልክ ተገኝቷል። ልጁ ለመምህሩ ሲጽፍ «መዝ. 22 (23)» ብሎ ሁለቱንም ቢያሰፍር ይሻላል።

ጥያቄ፦ በመንዝ ከየኔታ ዘንድ ተምሬ ዲቁና ተቀብያለሁ፤ አሁን ደግሞ ነገረ መለኮት እማራለሁ። መምህራችን አምስቱን የኦሪት መጻሕፍት ሙሴ ሙሉ በሙሉ እንዳልጻፋቸው ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ ሲሉ ሰማሁ። ጌታችን ሙሴ ስለ እኔ ጽፏል ብሎ የለምን? ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ትምህርቱን ልተወው?

መልስ፦ ዲያቆን፣ አትተወው። መምህርህ የተናገሩት በመግቢያ ትምህርት ውስጥ ሳይነሣ የማይቀር ነገር ነው፤ ዛሬ ባትሰማው ነገ ከማያምን ሰው አፍ ትሰማው ነበር። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ተደባልቀውብሃልና በየፊናቸው እንያቸው፦ መጽሐፉ ራሱ የሚለው፣ ቀደምት አባቶች ያሉት፣ የቅርብ ዘመን ተመራማሪዎች የገመቱት።

ኦሪት ሙሴ እንደጻፈ በግልጽ ይናገራል። የአማሌቅን ጦርነት (ዘጸ. 17፥14)፣ በሲና የተሰጡትን ቃላት (ዘጸ. 24፥4)፣ የጉዞውን ሰፈሮች (ዘኍ. 33፥2)፣ ለካህናቱም የሰጠውን ሕግ (ዘዳ. 31፥9) እርሱ እንደጻፋቸው ተነግሯል። በዚያው ኦሪት ውስጥ ግን ሌላ እጅ ያለበት የሚመስል ቦታም አለ። ዘዳግም 34 የሙሴን ሞትና መቃብር ተናግሮ መቃብሩን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም ይላል። ዘፍጥረት 36፥31 የኤዶምን ነገሥታት ሲዘረዝር በእስራኤል ንጉሥ ሳይነግሥ በፊት ብሎ ይጀምራል፤ ይህ አነጋገር በእስራኤል ንጉሥ መንገሡን የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው። ዘፍጥረት 14፥14 አብርሃም ጠላቶቹን እስከ ዳን ድረስ እንዳሳደደ ይናገራል፤ ያቺ ከተማ ዳን የተባለችው ግን በመሳፍንት ዘመን ነው (መሳ. 18፥29)። ዘኍልቍ 21፥14 ደግሞ «የእግዚአብሔር የጦርነት መጽሐፍ» የተባለ ቀደምት ጽሑፍ ይጠቅሳል። እነዚህን ጠላት አልፈጠራቸውም፤ ከአንተው መጽሐፍ ውስጥ ናቸው።

አባቶችም አላለፏቸውም። የአይሁድ ሊቃውንት የሕጋቸው ትርጓሜ በሰፈረበት በታልሙድ የዘዳግምን የመጨረሻ 8 ቁጥሮች ኢያሱ ጻፋቸው የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ሄሮኒሞስ በ4ኛው ምዕት ዓመት፣ ሙሴን የኦሪት ጸሐፊ ወይም ዕዝራን የዚያው መጽሐፍ አዳሽ ብትሉ አልቃወምም ብሎ ጽፏል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በእኛው ቤተ ክርስቲያን ከብሉይ የሚቆጠረውን ዕዝራ ሱቱኤልን አስታውስ። በዚያ መጽሐፍ ዕዝራ ሕግህ ተቃጥሏል ብሎ ያለቅሳል፤ መንፈስ ቅዱስ ተሰጥቶትም በ40 ቀን ውስጥ ለ5 ጸሐፍት እያነበበ መጻሕፍቱን እንደገና ያስጽፋል፤ ከእነርሱም 24ቱ ለሁሉ የሚነበቡ ናቸው። ኦሪት ከሙሴ እንደመጣች በዕዝራ ዘመን ግን እንደገና እንደተጻፈች የሚናገር መጽሐፍ ቀኖናዋ ውስጥ ያላት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆነህ ሳለ፣ ኦሪት በብዙ እጅ ማለፏን ስትሰማ ከማንም ይልቅ መደንገጥ የሚገባህ አንተ አይደለህም።

ሦስተኛው የተመራማሪዎቹ ግምት ነው። ዩሊዩስ ቬልሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ በ1878 ባሳተመው ጥናት ኦሪት በተለያየ ዘመን ከተጻፉ 4 ምንጮች የተሰናኘ ነው የሚለውን ሐሳብ ሥርዓት አስያዘው። ከእርሱ በፊትም ሌሎች የአምላክ ስም መለዋወጡን፣ የአንዳንድ ታሪክ መደጋገሙን፣ በጥፋት ውኃው ታሪክም አንድ ቦታ ከእንስሳው ሁሉ ሁለት ሁለት (ዘፍ. 6፥19)፣ ሌላ ቦታ ከንጹሑ ሰባት ሰባት (ዘፍ. 7፥2) መባሉን እያነሡ ነበር። የማየታቸው ነገር እውነት ነው፤ የሰጡት መፍትሔ ግን መላ ምት ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉ ምሁራን ራሳቸው በምንጮቹ ቁጥር፣ በዘመናቸውና በመኖራቸውም ላይ አልተስማሙም፤ በሃያኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ደግሞ ብዙዎች መቆራረጡን ትተው የመጨረሻውን መልክ እንዳለ ወደ ማንበብ ተመልሰዋል።

የእኔን ፍርድ ከጠየቅህ፣ የኦሪት ሥር ሙሴ መሆኑን አምናለሁ፤ እያንዳንዱ መስመር ከእጁ መውጣቱን ግን መጽሐፉ አልነገረኝምና እኔም አልጨምርበትም። ጌታ በዮሐንስ 5፥46 የተናገረውም ለዚህ ይስማማል፤ ቃሉ ያረፈው ስለ ዕብራይስጥ ብራና አሠራር ሳይሆን በሙሴ እናምናለን ብለው ሙሴ የመሰከረለትን ስለማይቀበሉ ሰዎች ነው። በፈተና «የምንጮቹን መላ ምት አስረዳ» ቢልህ በሚገባ አስረዳ፤ ማስረዳት ማመን አይደለም። ያልተረዱትን ነገር መቃወም ግን ከየኔታህ ዘንድም ያስነቅፍህ ነበር።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች አስተማሪ ነኝ፤ በርቀት ትምህርት ብሉይ ኪዳን ጀምሬአለሁ። መማሪያው ሆሴዕ 11፥1 «ልጄን ከግብፅ ጠራሁት» የሚለው ስለ እስራኤል መውጣት እንጂ ስለ መሲሕ የተነገረ ትንቢት አይደለም ይላል። ማቴዎስ ግን ቃሉን ለኢየሱስ ሰጥቶታል። ወንጌላዊው አለ ቦታው ጠቀሰ ማለት ነው?

መልስ፦ መማሪያው ስለ ሆሴዕ ያለው ትክክል ነው፤ ማቴዎስም ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ትንቢት ማለት የወደፊቱን መናገር ብቻ ነው ብለን ስንጀምር ነው።

ሆሴዕ 11ን ሙሉውን አንብበው። ቁጥር 1 ወደ ኋላ፣ ወደ ዘጸአት ይመለከታል፤ ቁጥር 2 የተጠራው ልጅ ለበኣሊም እንደሠዋ ይናገራል። ይህን ለጌታ መስጠት የሚደፍር ክርስቲያን የለም፤ ስለዚህ ምዕራፉ በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ እስራኤል መሆኑ አያከራክርም። ምዕራፉ ግን በዚያ አያበቃም። ልጁ ዓምፆ ወደ አሦር እንደሚሄድ፣ የአባቱም አንጀት እንደሚላወስ፣ በመጨረሻም ልጆቹ ከግብፅና ከአሦር እንደ ወፍና እንደ ርግብ እየበረሩ እንደሚመለሱ ይናገራል (ቁጥር 11)። ሆሴዕ ራሱ የመጀመሪያውን መውጣት ሊመጣ ላለው ሌላ መውጣት ምሳሌ አድርጎታል።

ማቴዎስ የገባው በዚህ በር ነው። በዘጸአት 4፥22 እግዚአብሔር እስራኤልን የበኵር ልጄ ብሎታል። ማቴዎስ ሕፃናትን የሚያስገድል ንጉሥ፣ ወደ ግብፅ መውረድ፣ ከግብፅ መውጣት፣ በውኃ ውስጥ ማለፍ፣ ከዚያም በምድረ በዳ መፈተን እያለ ታሪኩን ሲደረድር የእስራኤልን መንገድ ደረጃ በደረጃ እያስታወሰ ነው። እስራኤል 40 ዓመት፣ ኢየሱስ 40 ቀን። ጌታ ለፈታኙ የሰጣቸው ሦስቱም መልሶች ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 እና 8 የተወሰዱ ናቸው፤ ያም ሙሴ እስራኤል በምድረ በዳ የወደቀባቸውን ፈተናዎች የሚያስታውስበት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ልጅ በወደቀበት ሁለተኛው ልጅ ቆመ ማለቱ ነው። ወንጌላዊው ቃሉን ያመጣበት መንገድም ግድ የለሽ አይደለም፤ የሰብዓ ሊቃናቱ ግሪክ በዚህ ቦታ «ልጆቹን» ሲል ማቴዎስ ግን «ልጄን» ከሚለው ከዕብራይስጡ ጋር ይስማማል።

ለወጣቶችህ ስታስተምር ከሆሴዕ ጀምር፤ ወደ ማቴዎስ የምትሻገረው ሆሴዕን ከጨረስህ በኋላ ይሁን። የቤተ ክርስቲያናችን የአንድምታ መምህራን ከፊተኛው ፍቺ ሳይለቁ «አንድም» እያሉ ሌላውን በላዩ የሚጨምሩበትን ልማድ ወንጌላውያን ወንድሞች ቢመለከቱት ብዙ ይጠቀሙበታል፤ ተመራማሪዎች ይህን ልማድ እነ ዮሐንስ አፈወርቅ ከተነሡበት ከአንጾኪያ የትርጓሜ ትምህርት ቤት ጋር ያዛምዱታል። ነገር ግን ሐዲስ ኪዳን ራሱ የሠራውን ማዛመድ ሰባኪው በራሱ ከሚሠራው ለይ። ረዓብ በመስኮቷ ያሰረችው ቀይ ፈትል የክርስቶስ ደም ምሳሌ ነው የሚለው ትርጓሜ ከቀሌምንጦስ ዘሮም ጀምሮ የቆየና የተወደደ ነው፤ ሆኖም ኢያሱ ምዕራፍ 2 ላይ የተነገረው ዋና ነገር እርሱ ነው ብለህ በፈተና ብትጽፍ ነጥብ ታጣለህ፤ ማጣትህም ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ የተጉለት ሰው ነኝ። በእኛ አገር ቅዳሜ በሬ አይጠመድም። ኮሌጅ የገባ ጓደኛዬ ግን የኦሪት ሕግ በክርስቶስ አልቋል፣ ቅዳሜን ማክበር አይሁድነት ነው ብሎ ከአባቴ ጋር ተከራከረ። ትምህርቱ እንዲህ ነው የሚያስተምረው?

መልስ፦ የመግቢያው ትምህርት እንዲህ በአንድ ቃል አይፈርድም። ሰንበት በኦሪት ሁለት ምክንያት አላት። ዘጸአት 20፥11 እግዚአብሔር በ6 ቀን ፈጥሮ በ7ኛው ስላረፈ ይላል፤ ዘዳግም 5፥14-15 ደግሞ በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ብሎ አገልጋይህም እንደ አንተ ይረፍ ይላል። በሬውና አህያውም ተጠቅሰዋል። ጓደኛዎ የትኛው ምክንያት እንዳለቀ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል አይሆንለትም።

ሕጉን ሁሉ ሥነ ምግባር፣ ሥርዓተ አምልኮና የአገር ፍርድ ብሎ በሦስት ከፍሎ የመጀመሪያውን ብቻ ማስቀረት በብዙ መማሪያዎች የተለመደ ነው። ለማስተማር ይመቻል፤ ኦሪት ራሷ ግን ይህን ድንበር አታሰምርም። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ታላቁ ትእዛዝ በዘሌዋውያን 19፥18 ተጽፎ፣ በሚቀጥለው ቁጥር ከሁለት ዓይነት የተሠራ ልብስ አትልበስ ይላል። ክርስቲያን አንዱን ይዞ ሌላውን የተወው ገጹ ስለተለያየ ሳይሆን ሕጉን ሁሉ በፈጸመው በክርስቶስ በኩል ስለሚያነብ ነው (ማቴ. 5፥17)። ሐዋርያት በሐዋርያት ሥራ 15 ከአሕዛብ የመጡትን በግዝረት አላስገደዱም፤ ቅዱስ ጳውሎስም በሰንበት ማንም አይፍረድባችሁ ብሏል (ቈላ. 2፥16)። ይህ ቃል ጓደኛዎ እንደሚለው የማያከብረውን ከፍርድ ያድናል፤ የሚያከብረውንም እንዲሁ።

ይህ ክርክር በአገርዎ አዲስ አለመሆኑን ደግሞ ለጓደኛዎ ይንገሩት። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ በማለታቸው ለረጅም ጊዜ ተገፍተው ኖረዋል። በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚያው በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው ቀዳሚት ሰንበትም ከእሑድ ጋር እንድትከበር ተወሰነ፤ ከግብፅ የመጡት ሁለት ጳጳሳትም በውሳኔው ተስማሙ። ጉባኤው የተደገፈው በብሉይ ብቻ አልነበረም፤ የሐዋርያት ናቸው የሚባሉትን ሲኖዶስንና ዲድስቅልያን ጠቅሷል። ንጉሡ በስማቸው በሚታወቀው መጽሐፈ ብርሃን ስለ ሰንበት አጥብቀው የተከራከሩትም እንደ ክርስቲያን ንጉሥ ነው። ወንጌላዊ የሆነ ሰው በውሳኔው ላይስማማ ይችላል፤ አይሁድነት ነው ብሎ ማለፍ ግን የነገሩን ታሪክ አለማወቅ ነው። አባትዎን እንዲህ ብሎ መናገሩም ከትምህርቱ የመጣ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ በደብረ ሲና የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ ግዕዝ በመጠኑ አነባለሁ። ዕብራይስጥ ሳላውቅ ብሉይ ኪዳንን በኮሌጅ ደረጃ ማጥናት ይቻለኛል? በዚህ ዕድሜዬ ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ለመግቢያው ትምህርት ዕብራይስጥ ግዴታ አይደለም። ከዕብራይስጥ የተተረጎመ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስና የ81ዱን እትም ጎን ለጎን ዘርግተው ቢያነቡ ለመጀመሪያው ዓመት በቂ ነው። መጀመሩን ግን አልከለክልዎትም፤ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው በዚህ መንገድ ከብዙዎች ቀድሞ ይቆማል። ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸው፤ ግሡ በሦስት ተነባቢዎች ላይ የሚቆምበት ሥርዓት አዲስ አይሆንብዎትም፤ እንደ ቤት፣ ሰማይ፣ ደም፣ ስም፣ ነፍስ፣ መልአክና ሰላም ያሉ ቃላትም ጥቂት ድምፅ ለውጠው ይጠብቁዎታል። የሚከብድዎት ከቀኝ ወደ ግራ መጻፉና አናባቢዎቹ ከፊደሉ ላይና ታች በነጥብ መጻፋቸው ነው። ነጥቦቹን የጨመሩት ማሶራውያን የተባሉ የአይሁድ ሊቃውንት ናቸው፤ ዛሬ በኮሌጅ የሚነበበው የታተመ ዕብራይስጥም በአብዛኛው የሚከተለው በ1008 የተጻፈ አንድ ሙሉ ብራና ነው። ከ1947 ጀምሮ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት ጥቅልሎች ከዚያ በ1000 ዓመት ያህል የሚቀድሙ ሲሆኑ፣ ትልቁ የኢሳይያስ ጥቅልል ከኋለኛው ብራና ጋር በአብዛኛው መስማማቱ ብዙዎችን አስደንቋል።

በእነዚያው ዋሻዎች የሄኖክ መጽሐፍ ቁርጥራጭ በአራማይስጥ፣ የኩፋሌም በዕብራይስጥ ተገኝቷል። ሁለቱን ሙሉ አድርጎ የጠበቀው ግን ግዕዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ የሁለተኛውን ቤተ መቅደስ ዘመን የሚያጠኑ ሰዎች እርስዎ በመጠኑ አውቃለሁ ያሉትን ቋንቋ ሊማሩ ዓመታት ያጠፋሉ። ግዕዝዎን አያሳንሱት፤ እንዲያውም ከዕብራይስጡ በፊት እርሱን ቢያጸኑ እመርጣለሁ።

ፊደሉን ለመልመድ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግዎትም። የግዕዙን ዳዊት 118ኛ መዝሙር ይክፈቱ፤ 176ቱ ቁጥሮች በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ልክ ስምንት ስምንት ሆነው ተከፍለዋል፤ በየክፍሉም ራስ ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ እስከ ታው ድረስ የፊደሉ ስም ተጽፎ ያገኙታል። ስሞቹን በተራቸው በቃልዎ ይያዙና ቅርጻቸውን ከማንኛውም የዕብራይስጥ ሰዋስው የመጀመሪያ ገጽ ላይ እያመሳከሩ ይጻፉ።